ውሃ የማልጠጣው ሰንፌ አይደለም
ስለ መምህራን ጤና ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኛም ስታፍ ውስጥ በአንድ እረፍት ተቀባበልነው። የሐዋሳ መምህራን ጤናቸውን እንዴት እንደሚያበላሹ የሚናገር ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው። መምህራን ስፖርት አይሠሩም፤ ሐይቁ አጠገባቸው ሆኖ እንኳ ወጥተው አይራመዱም። ውሃ አይጠጡም። ሻይ በዳቦና ሽሮ እየበሉ ይውላሉ፤ ዓሣና ፍራፍሬ አይነኩም። ማታ ጫት ይቅማሉ። ክረምቱን ሙሉ አርፈው ደከመን ይላሉ። ሐኪም ቤት የሚሄዱት ሲወድቁ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ስንፍና ነው፤ መድኃኒቱም ስለ ጤናማ አኗኗር የሁለት ቀን ሥልጠና ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ጽሑፉን ሳነብ ተናደድኩ። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግን ዝም ያሰኘኝ ነገር አለው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ልክ ያሉበት ቦታ ላይ ልክ ናቸው እላለሁ።

ከእርምጃው ልጀምር። ጸሐፊው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ከሚሮጡት መሀል መምህር አላየሁም ይላሉ። አያዩም። በዚያ ሰዓት ብዙዎቻችን ልጅ እያለበስን ነው። ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይ ነን። የመሀል ከተማ የቤት ኪራይ ከመምህር ደመወዝ ጋር ከተኳረፈ ቆየ። ፒያሳና አቶቴ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ወደ ዳቶ፣ ወደ ቱላ አቅጣጫ ወጥተዋል። እኔ ከቤቴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 35 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። የባጃጁ ሂሳብ ለልጆቼ ደብተር ይሆናል። መልሱም ያው 35 ደቂቃ ነው። በቀን 70፣ በሳምንት 350 ደቂቃ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይቆጠራል። ወደ ሥራ በእግር መሄድም ይቆጠራል። ቱታ ለብሶ ሐይቁ ዳር መታየት መመሪያው ውስጥ የለም። ጋዋኗን በፌስታል ይዛ ፀሐይ ሳይከር የምትገሰግሰው መምህርት ስፖርት እየሠራች ነው። ማንም አይቆጥርላትም እንጂ።

በባጃጅ የሚመላለሰው ግን አለ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ይበቃኛል የሚልም አለ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። መቆም ስፖርት አይሆንም። ከእግር ያለው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ጨበጥ ፈታ እያለ ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ሰሌዳ አጠገብ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ባቱ አይሠራም። ደሙ ታች ይጠራቀማል። ማታ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይለዋል። ዓመታት ሲያልፉ የደም ሥሩ ተጠማዝዞ ባቱ ላይ ይወጣል። በዴስኮች መሀል እየተዘዋወሩ ማስተማር የሚመከረው ለዚህ ነው። ከ60 በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ግን በዴስኮች መሀል በጎን ሆኖ ካልተሾለከ አይታለፍም።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ነጥብ ልምጣ። ውሃ። ጸሐፊው መምህራን ውሃ የማይጠጡት ለራሳቸው ግድ ስለሌላቸው ነው ይላሉ። አንድ ሃይላንድ ውሃ መያዝ ምን ይከብዳል ሲሉም ይጠይቃሉ።

አይከብድም። ውሃው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የማልጠጣው ሽንት ቤት ስለሌለኝ ነው።

ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ ማስተማር ምን እንደሚመስል የቆመበት ያውቀዋል። ጉሮሮ ይደርቃል፤ ጀርባ ላይ ላብ ይወርዳል። ያኔ ነው ውሃውን አይቼ የምተወው። ለዓመታት ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ለሠራተኛው ያለው ሽንት ቤት አንድ ክፍል ነበር። ወንዱም ሴቱም የሚገባበት እሱ ነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ስለዚህ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ቆማ በሩን ትይዛለች። ቧንቧው ውሃ የሚመጣበት ቀን አለ፤ የማይመጣበት ቀን ይበዛል። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። ሰልፉ ሳያልቅ ደወሉ ይደወላል። ደወል ከተደወለ ደግሞ ዩኒት ሊደሩ ኮሪደር ላይ ቆሟል። የወር አበባ ላይ ያለች መምህርት በዚህ መሀል እንዴት እንደምትውል ለሴት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወንድ አንባቢ ካለ ግን ቆም ብሎ ያስበው።

እኛ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። አለመጠጣት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ። ከዚያ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ምንም የለም። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅኩት አንድ ቀን ስታፍ ውስጥ ወሬ ተነሥቶ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ሲናገሩ ነው። ማንም አላስተማረንም። እያንዳንዳችን ለየብቻችን ደርሰንበታል።

ሰውነት ግን ሂሳቡን ይይዛል። ሽንት ለረጅም ሰዓት ሲያዝ ባክቴሪያው ፊኛ ውስጥ የመራባት ጊዜ ያገኛል። የሴት የሽንት መስመር አጭር ስለሆነ ወደ ፊኛ ለመግባት ሩቅ መንገድ የለውም። ያቃጥላል፤ ቶሎ ቶሎ ያስመጣል። ፋርማሲ ገብተን ያለ ምርመራ መድኃኒት እንገዛለን። ሁለት ቀን ሲሻለን እናቋርጠዋለን። ይሄኛው ጥፋት የራሳችን ነው፤ አልሸሽገውም። አንዲት ባልደረባችን እንዲህ ስታስታምመው ከርማ ወደ ኩላሊቷ ወጣባት። እያንቀጠቀጣት ከክፍል ደግፈን አወጣናት።

ሌላም አለ። ድምፅ። ጸሐፊው ይህን ከነጭራሹ አላነሡትም። የመምህር የሥራ መሣሪያ ግን እሱ ነው። አንዲት ሴት ስትናገር የድምፅ ጅማቶቿ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። እኔ 40 ደቂቃ የሆነ ክፍለ ጊዜ አንዳንድ ቀን 5 ጊዜ እገባለሁ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ብቻ ብናገር እንኳ 100 ደቂቃ ነው። ሲባዛ ጅማቶቼ በአንድ ቀን 1.2 ሚሊዮን ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። ጅማቶቹ ካልረጠቡ ይላላጣሉ፤ ያብጣሉ፤ ውለው አድረው ጓጓላ ያወጣሉ። የሚያረጥባቸው ደግሞ ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ነው። እዚያው ላይ የጠመኔው ብናኝ አለ፤ ከኋላ ወንበር ያሉት እንዲሰሙ መጮህ አለ። ሐሙስ ሲደርስ ድምፄ ይሻክራል፤ ዓርብ እንደ ወንድ ነው የምናገረው። ልጆቹ «ቲቸር ጉንፋን ያዘሽ?» ይሉኛል። ጉንፋን አልያዘኝም።

በዓለም ዙሪያ መምህራን ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ በድምፅ ችግር የሚጠቁ መሆናቸው በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ስለ መምህር ጤና ጽፎ ይህን መዝለል ስለ ሾፌር ጤና ጽፎ ወገቡን እንደ መዝለል ነው። ድምፁ ሲሻክር ሁለት ሦስት ሳምንት አልለቅ ያለ ሰው ጉሮሮውን ለሐኪም ያሳይ። ማንሾካሾክም ድምፅ አያሳርፍም፤ አንዳንዱ ሰው ሲያንሾካሹክ ጉሮሮውን ይበልጥ ያጨናንቃል። የሚሻለው ዝም ማለት ነው።

ወደ ምግቡ። ስለ ሻዩ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ስታፍ ውስጥ በብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ ስኳር መጨመር እንደ ደንብ ነው። አንዷ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር ትይዛለች። በቀን 4 ብርጭቆ የጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር በሻይ ብቻ ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ50 ግራም አይለፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች ይሁን ነው የሚለው። እኔ ከ3 ወደ 1 ያወረድኩት በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ነው። ከወር በኋላ የድሮው ሻይ አፌ ላይ ሽሮፕ ሆነብኝ።

ሽሮን ግን ለምን እንደ ጥፋት ቆጠሩት? ሽሮ ጥራጥሬ ነው፤ ፕሮቲን አለው። ከጤፍ እንጀራ ጋር የሚያሳፍር ምግብ አይደለም። የጾም ቀን በበዛበት አገር ሽሮና ምስር ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? የሽሮው ችግር ጨው ነው። በቀን ለአንድ ሰው የሚበቃው ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ ጨው ይገባል፣ ወጡ ላይ ሌላ፣ ገበታ ላይ በሚጥሚጣው ሌላ። እዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ አመሰግናቸው ነበር።

ዓሣ ብሉ ብለዋል። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ ትኩስ ዓሣ መብላት የማይወድ የሐዋሳ ሰው አላውቅም። ደመወዝ በወጣበት ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። በወሩ 20ኛ ቀን ላይ ግን ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ዓሣው ሩቅ ነው። አቮካዶ ሌላ ነገር ነው። ሲዳማ የአቮካዶ አገር ነው። ወቅቱ ሲሆን በየመንገዱ ይቆለላል። አንድ አቮካዶ ከዳቦ ጋር ከፓስቲ የተሻለ ቁርስ ይሆናል። ቆጮ የሚበሉ ባልደረቦቼም ጎመንና አይብ ሲጨምሩበት ነው ምግቡ የሚሟላው፤ ቆጮ ብቻውን ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው።

ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ኑ የሚለውንም ሞክረነዋል። ጠዋት 1 ሰዓት የታሸገ ወጥ 7 ሰዓት ላይ ሲከፈት፣ በሐዋሳ ሙቀት፣ ሽታው ይነግርሃል። ማቀዝቀዣ የለም፤ ማሞቂያ የለም። 15 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስልን ሻይና ፓስቲ ነው። ሰው የሚበላው ጊዜው የፈቀደለትን ነው።

ጫቱን በተመለከተ አልከላከልም። ጫት የልብ ምት ይጨምራል፤ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል። ከበርጫው በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዓይኑ የቀላ ባልደረባ ሳይ አዝናለሁ። ግን ጸሐፊው አብዛኞቹ መምህራን ይቅማሉ ሲሉ ማንን ቆጥረው ነው? የእኛ ስታፍ ውስጥ የማይቅመው ይበዛል።

የሚቅሙትን ደግሞ ቀረብ ብዬ ጠይቄአለሁ። አንዱ ወጣት መምህር የጀመረው ወረቀት ሲያርም ነው። ሂሳቡ እነሆ። 6 ክፍል፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ፤ 360 ወረቀት። ለአንዱ 3 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1,080 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰዓት ነው። ውጤት በሳምንት ውስጥ ይድረስ ተብሏል። ቀን ያስተምራል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ኑሮውን ለመደጎም ሰው ቤት ያስጠናል። የሚቀረው ሌሊት ነው። ጫቱ የመጣው ሌሊቱን ለመግፋት ነው፤ ከዚያ ወረቀት በሌለበት ሌሊትም ቀረ። ይህን ልጅ ጫት መጥፎ ነው ብለህ ብትነግረው ያውቀዋል። ፈተናው ተከፋፍሎ በተለያየ ሳምንት ቢሰጥ ግን 18ቱ ሰዓት ለሁለት ይከፈልለት ነበር።

ስለ ክረምቱ እረፍት ብዙ አልልም። ክረምት ኮርስ የሚማር አለ፤ የሚያስጠና አለ፤ ገጠር ወርዶ ቤተሰቡን እርሻ የሚያግዝ አለ። የሚያርፍም አለ፤ ይረፍ።

የመጨረሻው ነጥብ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት ተናግረዋል፤ እውነቱን ግን ግማሽ አድርገውታል። ምክንያቱም ጽሑፋቸው ውስጥ ከመምህር ሌላ ሰው የለም። ትምህርት ቤት የሚሠራው መምህር ብቻ ነው? ጥበቃዎቹስ? የጽዳት ሠራተኞቹስ? በረኪናና ሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ደባልቀው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያጸዱት እናቶችስ? በረኪና አሲድ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን የነገራቸው የለም። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ሳለ የነገርኳቸው አንዲቷ ስትስል ውላ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው።

ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። የሌሊት ጥበቃችን ናቸው። በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ደረስኩ። በሩ አልተከፈተም። በፍርግርጉ ሳይ ጋሼ ቁልፉን ይዘዋል፤ ጓጉንቸሩ ውስጥ ማስገባት ግን አቃታቸው። ቁልፉ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሞከሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። ሊመልሱልኝ ከንፈራቸው ወደ ግራ ተጎተተ። የመጣላቸው ቃል አልነበረም።

የደረሰው ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። አንዷ ዳማ ከሴ ልትቆርጥ ሮጠች። ውሃ የሚረጭ መጣ፤ ግንባራቸውን የሚያሽ መጣ። እኔ ስትሮክ ነው እያልኩ እጮኻለሁ። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲጠፋ፣ እነዚህን ሦስቱን አስተምሬአቸዋለሁ፤ መጽሐፉ ላይ ሲሆን። እዚያ በር ላይ ግን የሰማኝ የለም። ባጃጅ ተገኝቶ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። የደም ግፊታቸው ሲለካ 210 በ120 ነበር። ጤናማ ያልሆነው ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ነርሷ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቀቻት። ልጅቷ አባቷ ተለክተው እንደማያውቁ ተናገረች። ዕድሜያቸው 58 ነበር።

ጋሼ ተርፈዋል። ቀኝ እጃቸው ግን እስካሁን ብርጭቆ በደንብ አይዝም።

ደም ግፊት ምልክት አይሰጥም። ራስ ምታት ያለበት ሰው አለ፤ ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ጸሐፊው ተመርመሩ ሲሉ ልክ ናቸው። ከጋሼ በኋላ እኛ ያደረግነው ይህ ነው። የስታፉ እቁብ ላይ ሰው ሁሉ ትንሽ ጨምሮ አንድ የክንድ መለኪያ ገዛን። ለካን። መምህሩም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ ዳይሬክተሩም ክንዱን ሰጠ። ከመካከላችን ከፍ ያለባቸው ተገኙ። አንዷ እኔ ነኝ። ጨው መቀነሴም፣ መድኃኒት መጀመሬም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወደ ሥልጠናው ስመጣ የምለው ቀላል ነው። ለሁለት ቀን አዳራሽ፣ ለሻይ፣ ለአበል የሚወጣ ገንዘብ ካለ በሌላ ነገር ላይ ይዋል። መጀመሪያ ለሴት ሠራተኛ መቀርቀሪያ ያለው ሽንት ቤት። ቀጥሎ ቧንቧ ሲጠፋ የሚያገለግል ውሃ የያዘ ሮቶ። ከ6ቱ ክፍለ ጊዜ ላይ 2 ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቢቀነስ እረፍቱ ከ15 ወደ 27 ደቂቃ ይሆናል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ደወሉን ማስተካከል ነው። በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ የጤና ባለሙያ መጥቶ ሁሉንም ሠራተኛ፣ ጥበቃውን ጨምሮ፣ ይለካ።

ከእነዚህ አንዷን እኛው ጀምረናታል። የሽንት ቤቱን አንድ ጥግ አስከፍለን በር አስገጠምን። ቁልፉ ስታፍ ውስጥ፣ ሴቶች በምንቀመጥበት በኩል፣ ምስማር ላይ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሃይላንድ ከ4ኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ያልቃል። ጸሐፊው ሐዋሳ ካሉ አንድ ቀን ስታፋችን ይምጡ። ሻይ እናፈላለን፤ ክንዳቸውንም እንለካለን።